የስልክ ማስረጃችሁ ችሎት ላይ ለምን ይወድቃል? ችግርና መፍትሄው

አያት፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የሚሠራ ሰው ዋጋ የሚቆርጠው በቴሌግራም፣ ቅድሚያ የሚከፍለው በቴሌብር ነው። ጸብ ሲነሳ ማስረጃው ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ ተከራካሪዎች ከዋናው ክርክር በፊት አንዱ የሌላውን ሰነድና ኢሜይል ጠይቆ የሚረከብበት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ማስረጃችሁን ከክሱ ጋር ዘርዝራችሁ አያይዙ ነው የሚለው፤ በኋላ ይዞ መምጣት በቂ ምክንያት ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ክሱ ከመጻፉ በፊት ነው።

“መልእክቱ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም”

ምክንያቱ፦ ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን የሁለቱንም መልእክት መሰረዝ ይችላል። የጊዜ ገደብ የለውም፣ ምልክትም አይተውም። ዋትስአፕ ቢያንስ “ይህ መልእክት ተሰርዟል” የሚል ይተዋል።

መፍትሄው፦ “እከስሃለሁ” ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አስቀምጡት። ኮምፒውተር ላይ የቴሌግራም ዴስክቶፕን ክፈቱ፣ ቻቱ ውስጥ ገብታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ “ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ” የሚለውን መርጣችሁ ፎቶውንም ድምፁንም አካታችሁ አውርዱ። ሚስጥራዊ ቻት ከሆነ ግን ከተጀመረበት ስልክ ውጭ አይገኝም፤ ምስክር ባለበት በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ስልኩን ደግሞ አትሽጡ፣ ሪሴት አታድርጉ፣ እባካችሁ።

“እኔ አልጻፍኩም፣ ስክሪንሾቱ ተቀናብሯል”

በጣም የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ የሚታየው ስም እናንተ ስልካችሁ ላይ የመዘገባችሁት ስም ነው፣ ማንም ሰው የፈለገውን ስም መመዝገብ ይችላል፣ ላይና ታቹ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የማይጠቅማችሁንም ክፍል ጨምራችሁ አትሙት። የስልክ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ አያይዙ። ዋናውን ስልክ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። የግንባታ ሳይቱን ፎቶ ለጠበቃችሁ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል።

ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ቴሌው ነው፣ ሂሳቡ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ባንኩ። የማስረጃ ዝርዝራችሁ ላይ ሰነዱ በማን እጅ እንዳለ ጻፉና ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ ትዕዛዝ ጠይቁ። አትዘግዩ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን እንዲያቆዩ የሚያስገድደው ለአንድ ዓመት ነው። የተከራካሪያችሁን ስልክ ሰብሮ መግባት ግን በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው፣ “ለማስረጃ ብዬ ነው” አያድንም።

“ክሱ ላይ ያለው ቀንና ማስረጃው አይገናኙም”

ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ፣ ማመልከቻው የሚጻፈው በኛ። ስልክ ላይ “ሜይ 12፣ 2025፣ 8:30 ፒኤም” ያለው ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2፡30 ነው። ይሄን ሳያስተካክሉ ማቅረብ ለተከሳሽ ጠበቃ በነጻ የተሰጠ መከራከሪያ ነው። በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ሁለቱንም ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ፣ የክፍያውን ቁጥርም እዚያው ላይ።

“አበድሬዋለሁ፣ ደረሰኝም አለኝ፣ ግን ተረታሁ”

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሰጠው የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክርላችሁ አይበቃም። የቴሌብር ደረሰኝ ደግሞ ገንዘብ መሄዱን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም፤ ተከሳሹ “ዕዳውን ነው የመለሰልኝ” ካለስ? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ይከላከላል፣ ስለዚህ ተበዳሪው “የተበደርኩትን ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን እመልሳለሁ” ብሎ የጻፈው መልእክት ካለ እሱን አስቀድሙ። ገና የምታበድሩ ከሆነ ግን በወረቀት፣ በሁለት ምስክር ፊት አስፈርሙ።

“አመልካች፣ ሰነዱን አስተርጉመህ ና”

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፣ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ቻታችሁን አስተርጉማችሁ ሂዱ።

“የጠቀስከው የሰበር መዝገብ የለም”

ይሄ አዲስ ጣጣ ነው። ቻትጂፒቲ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ የሌለ የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) መዝገብ ቁጥር ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ይሰጣል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ያልነበሩ ፍርዶችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ማመልከቻ ጸሐፊውም ጠበቃውም የጠቀሰውን ቁጥር በታተመው የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካላሳያችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩ ከማመልከቻው ይውጣ።