ዶሮ ስትንገዳገድ፣ ስታነክስና አንገቷ ሲጠማዘዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በገላን ወይም በኮዬ ፈጬ ግቢው ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች የሚያረባ ሰው ጠዋት የዶሮ ቤቱን ሲከፍት አንዷ በጎኗ ወድቃ ወይም አንገቷን አጣምማ ቢያገኛት፣ ከጎረቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ፈንግል ገብቷል» የሚል ነው። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ እግሯ የማይታዘዝላት ዶሮ ሁሉ ፈንግል የያዛት አይደለችም። በመኖ ጉድለት ብቻ የወደቁ ጫጩቶች «አይተርፉም» ተብለው ሲጣሉ፣ በሌላ በኩል እውነተኛው ፈንግል ሲገባ ባለቤቱ ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ በውኃ እየበጠበጠ ውድ ቀናትን ያባክናል። ስለዚህ የበሽታ ስም ከመጥራት በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፦ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ የታመመችው እሷ ብቻ ናት ወይስ ሌሎችም አሉ፣ ባለፉት ሳምንታት የበላችውስ ምንድን ነው። ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ዕድሜ ነው፤ የሁለት ሳምንት ጫጩት፣ የሦስት ወር ቄብና እንቁላል የምትጥል ዶሮ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ቢወድቁም የወደቁበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የተለያየ ነውና።

አስቀድሞ ማየት የሚገባ

የታመመችውን ዶሮ ከመንጋው ለይቶ ጭድ ወይም ሰጋቱራ በተነጠፈበት ካርቶን ማስቀመጥ ቀዳሚው ሥራ ነው። በሽታው ተላላፊ ከሆነ ስርጭቱ ይቀንሳል፤ ተላላፊ ካልሆነም ሌሎቹ አይረግጧትም፣ አይነቁሯትም። ከዚያ በደረቅና ሜዳ መሬት ላይ ለቆ እንዴት እንደምትራመድ መመልከት፣ ቀጥሎም ክንፎቿን በእቅፍ ይዞ እግሯን መገልበጥ ያስፈልጋል። የውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት አለ? ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል? ምንቃሯ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ሲጫን እንደ ላስቲክ ይታጠፋል? የደረት አጥንቷ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጣመመ? ኩሷስ አረንጓዴ፣ ደም የቀላቀለ ወይስ የወትሮው ነው? ይህ ምርመራ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ቢሆንም፣ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ፊት ቆሞ «ዶሮዬ ታማብኛለች» ከማለት እጅግ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

አንገት ሲጠማዘዝ

በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮዎች ደብተው፣ በአፋቸው እየተነፈሱ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣሉ፣ እንቁላላቸው በድንገት ቀንሶ፣ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ አንገታቸውን አጣምመው ወይም ክንፋቸውን ጥለው ከተገኙና ሞቱ በየቀኑ ከጨመረ፣ ፈንግልን መጠርጠር ተገቢ ነው። በተለይ ከበዓል ገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ወይም አዲስ የተገዛ ዶሮ በቅርቡ ተቀላቅሎ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። ከበሽታው የተረፉትም አንዳንዶቹ አንገታቸው እንደተጠማዘዘ ይቀራሉ።

መፍትሔው ክትባት ነው፤ ክትባቱም በሽታው ከመግባቱ በፊት መሰጠት አለበት። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ኤችቢ ዋን የተባለው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ የተባለው ደግሞ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያው በሚያዝዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ገደማ፣ ይደገማል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የሚመረት በመሆኑ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ምንጩ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ያለው ብልቃጡ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ የሚገባው ክትባት በፌስታል ተይዞ በታክሲ ግማሽ ቀን ሲንገላታ ከዋለ የሚሰጠው ጥቅም አይኖርም፤ ባለቤቱ ግን «አስከትቤያለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። በረዶ ያለው ትንሽ ፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው ችግር ውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ክሎሪን የሌለው ንጹህ ውኃ መጠቀም፣ በአንድ ሊትርም 2.5 ግራም ያህል ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት መጨመር የተለመደ መከላከያ ነው። ዶሮዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውኃ ተከልክለው እንዲጠሙ ከተደረገ በኋላ በማለዳ ሲሰጣቸው ሁሉንም በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሳሉ። አንድ ብልቃጥ በግቢ ካሉ ጥቂት ዶሮዎች ለሚበልጥ ቁጥር የሚበቃ ስለሆነ፣ ጎረቤቶች ተነጋግረው በአንድ ማለዳ ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ የሰፈሩ ዶሮዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠበቃሉ። ከገበያ የሚመጣ ዶሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻው መቆየት አለበት። የሞተውን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይገባል፤ ወንዝ ዳር መጣል የሰፈሩን ሁሉ ዶሮ መበከል ነው። ቫይረሱ በሰው ላይ ቀላል የዓይን መቅላት ሊያስከትል ስለሚችል የታመመ ዶሮ የነካ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ ዓይንን መንካት አይገባም።

አንገት መጠማዘዙ እንዳለ ሆኖ ሳል የሌለ፣ አረንጓዴ ኩስ የሌለ፣ ትልልቆቹ ዶሮዎችም ደኅና የሆኑ እንደሆነ፣ ዓይንን ከበሽታ ወደ መኖው ጆንያ ማዞር ያስፈልጋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ራሳቸውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ጥለው የሚወድቁበትና በእግራቸው አየሩን የሚቀዝፉበት አንድ የታወቀ ምክንያት የቫይታሚን ኢ እጥረት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመኖው ውስጥ ያለው ቅባት ሲሻግትና ቫይታሚኑን ሲያጠፋው ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ገደማ የሆናቸው ጫጩቶች ሲወድቁባቸው «ልጄ፣ ፈንግል ነው መሰለኝ፤ ሌሎቹን ሳይጨርስ ልጣላቸው?» ብለው ጠሩኝ። ጆንያውን እንዲያሳዩኝ ለምኜ እጄን ወደ ታች ስሰድ ከሥር ያለው የኑግ ፋጉሎ ሞቅ ብሎና ተጓጉሎ ነበር፤ ሽታውም የቆየ ዘይት ሽታ ነው። «እትዬ፣ ዶሮዎቹን ሳይሆን መኖውን ይጣሉት» አልኳቸው። አዲስ መኖ ተገዝቶ በውኃ የሚሟሟ ቫይታሚን ኢና ሴሌኒየም ሲሰጥ አዲስ የሚወድቅ ጫጩት አልታየም፤ አስቀድመው ክፉኛ የወደቁት ግን አልተነሡም። አንጎል ከተጎዳ በኋላ ቫይታሚን የሚመልሰው ውስን ነውና ፍጥነት ወሳኝ ነው።

ጫጩቷ ጭራዋ ላይ ተቀምጣ ሰማይ የምታይ እስክትመስል ድረስ ራሷን ወደ ኋላ ከለጠጠች ደግሞ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ቫይታሚኑ ሲሰጥ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ የሚሻሻል በመሆኑ ሕክምናው ራሱ መንስኤውን ይመሰክራል።

ከእነዚህ የሚለየው ደግሞ አንገቱ ሳይጠማዘዝ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝሎ መሬት ላይ የሚዘረጋበት ሁኔታ ነው። መንስኤው በበሰበሰ ሥጋ ወይም በላዩ ባለው ትል ውስጥ ያለ መርዝ ነው። በግቢው ጥግ ወይም ከአጥሩ ሥር የሞተ አይጥ ወይም ዶሮ እንዳለ ፈልጎ ማስወገድ፣ የወደቁትንም ንጹህ ውኃ በጠብታ እያጠጡ መንከባከብ ያስፈልጋል፤ ቀለል ብሎ የያዛቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያገግሙ ይችላሉ።

አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ

ከሁለት እስከ አምስት ወር የሆናት ቄብ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ከተኛች፣ ምግብ ስታይ ግን አሁንም የምትጓጓ ከሆነች፣ ማሬክስ የተባለውን በሽታ መጠርጠር ይገባል። ቫይረሱ ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ያሳብጠዋል፤ አንዳንዴ የዓይኗ ቀለም ወደ ግራጫ ተለውጦ ብሌኗ ክብነቷን ታጣለች። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን በመፈልፈያው ውስጥ ስለሆነ የ45 ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰው በኋላ ሊያርመው አይችልም፤ የሚችለው ከመክፈሉ በፊት የክትባት ካርድ መጠየቅ ነው። ሻጩ ስለ ማሬክስ ሲጠየቅ «ሁሉም ተከትበዋል» ብሎ ካለፈና በወረቀት ካላሳየ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። ቫይረሱ በላባ ብናኝ ላይ ሆኖ በዶሮ ቤቱ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ አዲስ ጫጩት ከማስገባት በፊት ጉዝጓዙን በሙሉ ማውጣት፣ ግድግዳውን ማጠብና ማድረቅ ግድ ነው።

የትንንሽ ጫጩቶች እግር

በተፈለፈለች በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሮቿ ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተቱባት ጫጩት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ ጋዜጣ፣ ላስቲክ ወይም ልሙጥ ካርቶን ተነጥፎላታል። ሸካራ ጨርቅ ወይም ሰጋቱራ መተካት፣ ሁለቱን እግሮች በለስላሳ የፕላስተር ቁራጭ በተፈጥሯዊው ርቀት አያይዞ ለጥቂት ቀናት ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ከተጀመረ ግን ውጤቱ ደካማ ነው።

ጣቶቿ እንደ ጭብጥ ወደ ውስጥ የተጠቀለሉባትና ወደ ኋላ በሚታጠፈው መገጣጠሚያዋ እየተደገፈች የምትሄድ ጫጩት የቫይታሚን ቢ2 እጥረት አለባት። ይህ ቫይታሚን በብርሃን የሚጠፋ ነው፤ በመስታወት መሰል ፌስታል እየተመዘነ ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሚውል መኖ መግዛት የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የቫይታሚን ዱቄት በውኃ መስጠት ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ያለ አጓትና አልፋአልፋ የተባለው የመኖ ተክል ለጋ ቅጠልም ቫይታሚኑ ስላላቸው ይደግፋሉ። ጣቶቹ ለረጅም ጊዜ ከተጠቀለሉ ነርቩ ስለሚጎዳ አይመለሱም።

ምንቃሯ የሚታጠፍና እግሯ የቀሰተ ከሆነ አጥንቷ አልጠነከረም ማለት ነው፤ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ ወይም ቫይታሚን ዲ ጎድሏታል፣ አለዚያም ምጥናቸው ተዛብቷል። በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ ቀላቅሎ የሚያበላ ሰው ይህን ቶሎ ያየዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጫጩቶች ከቤት ሳይወጡ ስለሚከርሙ ችግሩ ይብሳል፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይም አይረዳም፣ ቫይታሚን ዲ የሚያስገኘውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና። የተዘጋጀ የጫጩት መኖ መጠቀምና ዝናቡ ባባራ ቁጥር በወንፊት ሽቦ በተከለለ ቦታ ፀሐይ ማሞቅ ይረዳል።

ብርድንም መዘንጋት አይገባም። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለጫጩት ከባድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል፤ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ተከማችተው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ከማሞቂያው ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። በከሰል የሚያሞቅ ሰው ደግሞ አየር ማስገቢያ መተው አለበት፤ በጢሱ የደነዘዘ ጫጩትም ይንገዳገዳል።

እንቁላል ጣይ ዶሮ መነሣት ሲያቅታት

ደኅና ስትጥል የቆየች ዶሮ በድንገት እግሯ ከዳት ማለት ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ እየቀዳች ለቅርፊት ስታውለው ቆይታለች ማለት ሊሆን ይችላል። የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ሲገባ የጫጩት መኖ ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ አለው፤ ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም ወገን ይጎዳል፣ የጣይ መኖ ለጫጩት ሲሰጥ ኩላሊት ያበላሻልና። የወደቀችውን ለይቶ ውኃና መኖ አጠገቧ ማድረግ፣ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ ወይም ተቆልቶ በደንብ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ማቅረብ ይገባል። ቅርፊት የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መስጠቱ ይመረጣል።

ቀጥ ብላ ቆማ ጭራዋን እየጣለች የምታምጥ ከሆነ ግን እንቁላል መውጫዋ ላይ ተቀርቅሮባት ይሆናል። ከወገቧ በታች ለብ ባለ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል አስቀምጦ ጨለም ባለ ሞቃት ቦታ ማሳረፍ ይሞከራል። ሆዷን መጫን እንቁላሉን ውስጧ ሊሰብር ስለሚችል አይገባም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልወጣ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው።

ስታነክስ

አንድ እግሯን ብቻ የምታነክስና የውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት የተገኘባት ዶሮ ከከፍተኛ ቆጥ በመዝለል ወይም በእርጥብ ጉዝጓዝና በሽቦ ወለል ምክንያት ቆስላ ባክቴሪያ ገብቶባታል። ለብ ባለ የጨው ውኃ ዘፍዝፎ ማጽዳት፣ አዮዲን ቀብቶ መጠቅለልና ቆጡን ዝቅ ማድረግ ቀላሉን ይፈውሳል፤ የጠነከረውን መቅደድ ግን የሐኪም ሥራ ነው። የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ የሻከረ ከሆነ ደግሞ ቅንቅን ነው፤ በሳሙና ውኃ አለስልሶ ቫዝሊን በተደጋጋሚ መቀባት ይበቃዋል።

በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ዶሮ ከወደቀ ወይም ሞት ከጀመረ ጊዜ ሳይሰጡ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። አዲስ የሞተውን ዶሮ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በረዶ ባለው ዕቃ ማቆየት፣ ነገር ግን ድርቅ ብሎ እንዲበርድ ፍሪዘር ውስጥ አለመክተት ለምርመራ ይረዳል፤ ባለሙያው ሰበታ ለሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ናሙና መላክ ካስፈለገው ከበሰበሰ ሥጋ የሚያገኘው ነገር የለም። ከናሙናው ጋር የክትባት ካርዱን፣ የዶሮዎቹን ዕድሜ በቀን፣ መኖው የተገዛበትን ዕለትና ከጆንያው ሥር የተዘገነ አንድ ጭብጥ መኖ አብሮ መስጠት ያስፈልጋል።