ሌሊት ከቤት ሳትወጡ ሰርቨር ማስነሳት

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቢሮው ሰርቨር ከኔትወርክ ጠፋ። ቤቴ አያት ነው፤ ሰርቨሮቹ ያሉት ቦሌ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ፈልጌ፣ ጥበቃውን ቀስቅሼ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ተሸክሜ ወረድኩ። ለካ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነስቷል፤ ግን «ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ» ብሎ ቆሟል። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አንድ ቁልፍ ለመጫን ነው። የቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከጀርባው ያለው የማኔጅመንት ወደብ ባዶውን ነበር፤ ኬብል አልተሰካበትም።

ስለዚህ ወደብ ነው የምጽፍላችሁ፤ ሰርቨሩን ከሩቅ ለማየትና ለማዘዝ ያገለግላል። ከሌሎቹ የኔትወርክ ወደቦች ተነጥሎ ይቀመጣል። ዴል አይድራክ ይለዋል፣ ኤችፒ አይሎ፤ ሱፐርማይክሮ ላይ አይፒኤምአይ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ከጀርባው ቢኤምሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ አይፒ አድራሻ አለው። ሰርቨሩ ቢጠፋም የኃይል ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ እሱ ንቁ ነው። ኃይል ጭራሽ ከተቋረጠ ግን እሱም ይሞታል። ስለዚህ ወደቡ የተሰካበትን ስዊችም፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አድርጉት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሰርቨሩን ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ከመስቀላችሁ በፊት የሚጎተተውን መለያ ካርድ ፎቶ አንሱ። አይሎ የመጀመሪያ ፓስወርዱ እዚያ ላይ ታትሟል። ቆየት ያሉት ዴሎች ግን የመግቢያ ስማቸው ሩት (root)፣ ፓስወርዳቸው ካልቪን (calvin) ነው፤ ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የዚያኑ ቀን ቀይሩት። ቋሚ አይፒም ስጡት፤ የቆዩት አይድራኮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.0.120 ላይ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህን ወደብ በፍጹም ኢንተርኔት ላይ አታውጡት። አይፒኤምአይ የወደብ ስም ብቻ ሳይሆን እነዚህ ወደቦች ትእዛዝ የሚቀበሉበት የጋራ ስታንዳርድም ነው፤ የአይፒኤምአይ 2.0 የመግቢያ ሥርዓት ራሱ ችግር አለበት። ሊገባ የሚሞክር ሰው ማንነቱ ሳይረጋገጥ፣ ከፓስወርዱ የተሠራ ሃሽ (የተመሰጠረ ኮድ) ይላክለታል። ያንን ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፓስወርዱን እየገመተ መስበር ይችላል። ስሕተቱ ከስታንዳርዱ ስለሆነ በአፕዴት አይጠፋም። ለብቻው ቪላን (ከሌላው የተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አስገቡት፣ መግቢያው በቪፒኤን (ከውጭ በሚስጥር በሚያገናኝ መስመር) ብቻ ይሁን። አይፒኤምአይ የማትጠቀሙበት ከሆነ ከነጭራሹ አጥፉት፤ በብራውዘር የሚከፈተው የማኔጅመንቱ የድር ገጽ ያለ እሱም ይሠራል። የምትጠቀሙበት ከሆነ ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ ጣሪያው 20 ፊደል ነው።

ስትገዙ ላይሰንሱን ጠይቁ። የሰርቨሩን ስክሪን ብራውዘር ላይ ለማየትና አይኤስኦ ፋይል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫኛ ዲስክ ቅጂ) ከሩቅ ለመጫን ዴል ኢንተርፕራይዝ፣ ኤችፒ አድቫንስድ የሚባለውን ይፈልጋል። መደበኛው አይሎ ስክሪኑን የሚያሳያችሁ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሳ ብቻ ነው። እኔ ዋጋውን እከፍላለሁ፤ የአንድ ሌሊት መንከራተት ይበቃኛል።

ላይሰንስ ከሌላችሁ ሲሪያል ኦቨር ላን አለላችሁ፤ የሰርቨሩን የሲሪያል ወደብ ጽሑፍ በኔትወርክ ያመጣላችኋል። ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ግን ኢንተርኔት ሲደክምም ይሠራል። ባዮሱ (ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም)፣ ግራቡ (ሊኑክስን የሚያስነሳው) እና የሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አንድ ዓይነት የሲሪያል ወደብና አንድ ዓይነት ፍጥነት መያዝ አለባቸው። ፍጥነቱን 115200 አድርጉት። እኔን ግማሽ ቀን ያስፈጀኝ የወደቡ ቁጥር ነው። ባዮስ ከ1 ይቆጥራል፣ ሊኑክስ ከ0። ባዮስ ላይ ኮም 2 ያላችሁት ሊኑክስ ላይ ቲቲዋይኤስ 1 ነው። ካልተገጣጠሙ ጥቁር ስክሪን ላይ ታፈጣላችሁ። በአይፒኤምአይቱል ፕሮግራም ከገባችሁ፣ ለመውጣት ኢንተር፣ ከዚያ ቲልዳ (~)፣ ከዚያ ነጥብ። መጀመሪያ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ የትእዛዝ መስመር) ወደ ሌላ ኮምፒውተር አልፋችሁ ከዚያ ከገባችሁ ግን ቲልዳውን ሁለቴ ጻፉ፤ አለዚያ የሚዘጋው ኤስኤስኤቹ ነው።

ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር አስተካክሉ። ስሕተት ሲኖር ኤፍ 1 ጠብቅ የሚለውን አጥፉ። መብራት ሲመለስ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለስ የሚለውን ምረጡ። የመጀመሪያው ቢስተካከል ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ቢኤምሲው ራሱ አንዳንዴ ይደርቃል። ኮልድ ሪሴት አድርጉለት፣ ማለትም ቢኤምሲውን ብቻ እንደገና አስነሱት፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሥራ አይቋረጥም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ከቤት ሆናችሁ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ሥራ ያልጀመረ ሰርቨር ላይ ኔትወርኩን ሆን ብላችሁ አጥፉና በማኔጅመንቱ በኩል ግቡ፤ ሪስታርት አድርጉት፤ ባዮሱን እስክታዩ ተከታተሉ። የእያንዳንዱን ሰርቨር የማኔጅመንት አይፒና የተሰካበትን የስዊች ወደብ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፓስወርዱን ግን አትጻፉበት። አንዱን ኮፒ ራኩ በር ላይ ለጥፉ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ። እኛ ዝርዝሩን ያስቀመጥነው እዚያው የጠፋው ሰርቨር ላይ ነበር።