የግቢ አስፋልት ለምን ቶሎ ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎ፣ ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢውን አስፋልት ያስነጠፈ ሰው፣ ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቅ ማየቱ የተለመደ ነው። ብዙዎች ወዲያው ሬንጅ ገዝተው ላዩን ያስቀባሉ። ያምራል፤ ግን አብዛኛው ችግር ያለው ከሥር ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን እዩት።

ቀጭን፣ ነጠላ ስንጥቅ

ሬንጁ ደርቋል ማለት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ ሬንጁ ይደርቅና መለጠጥ ያቆማል። ስንጥቁን በደንብ ጥረጉት፤ አቧራውን በኮምፕሬሰር አስነፉት። ከደረቀ በኋላ የጋለ ሬንጅ ይፈስበታል፣ ጎማ ላይ እንዳይጣበቅም ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል። ሬንጅ ማጋሉን ለባለሙያ ተዉት። ውሃ ጠብ ካለበት ገንፍሎ ያቃጥላል።

እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ

ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ከሥሩ ጥቁር አፈር ካለ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል። አስፋልቱ አብሮ መነሳትና መውረድ አይችልም። በዚህ ላይ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲገባበት አለቀለት። እዚህ ላይ ቅብ የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው።

የተጎዳውን ቦታ በአራት ማዕዘን አስቆርጡ። ለስላሳው አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ይግባ፤ በአንዴ ሳይሆን ቢበዛ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር፣ ውሃ እየጠጣና እየተጠቀጠቀ። ከዚያ ሬንጅ ተረጭቶ አስፋልት ይነጠፋል። "5 ሴንቲ" ሲሏችሁ ከተጠቀጠቀ በኋላ መሆኑን በውሉ ላይ አስጽፉ። ሳይጠቀጠቅ 5 የነበረው ሲጠቀጠቅ ወደ 4 ይወርዳል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ግን አትጀምሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የጣሪያው አሸንዳ ነው፤ አስፋልቱ ጥግ ላይ ያንዠቀዥቃል። በትቦ ወደ ቦይ ውሰዱት። አጥር ሥር ያለ ባሕር ዛፍም ከጥቁር አፈር እርጥበት እየመጠጠ መሬቱን ያኮማትራል።

ውሃ የሚያቁር

ተዳፋቱ አንሷል። በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። አንድ ጀሪካን ውሃ አፍስሱና የት እንደሚቆም ምልክት አድርጉ። ያን ቦታ በአስፋልት ሙሉት።

ጠርዙ የሚፈረፈር

ደጋፊ የለውም። ከርብስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) ወይም ኮንክሪት ይሠራለት።

ዘይትና ናፍታ የፈሰሰበት

ናፍታ ሬንጅ ያሟሟል። ቶሎ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በትናችሁ አንሱት፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡ። በጣት ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ቆርጦ መተካት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ዘይት በጠጣ ቦታ ላይ ቅብም አይይዝም።

ጥገናውን ከጥቅምት በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ያዙት። ሰኔ ከገባ ውሃው የሚያልፍበትን ቦይ መጥረግ ይበቃል፤ ሌላው እስከ በጋ ይቆይ።