ከመዝናኛ ፓርክ ሱቆች የጠፋውን የእንጨት ጠመንጃ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

ከዲሴምበር 2015 ወዲህ በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድም ሆነ በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ሱቆች የመጫወቻ ጠመንጃ የሚፈልግ ወላጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን የቀድሞውን የእንጨት ጠመንጃ በቤቱ ሠርቶ ለልጁ ወይም ለልጅ ልጁ መስጠት ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓላማውም ማንም ሰው ከሩቅ ሲያየው መጫወቻ መሆኑን ወዲያው የሚያውቀው ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንጨት ከመግዛትዎ በፊት መጫወቻው ለምን እንደጠፋ ማወቅ ይጠቅማል፤ የአሠራሩ ደንብ የሚመነጨው ከዚያው ነውና። ዲዝኒላንድ በጁላይ 1955 ሲከፈት ከክፍሎቹ አንዱ የአሜሪካን ምዕራባዊ ድንበር ዘመን የሚያሳየው ፍሮንቲየርላንድ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1954፣ የአዳኙ የዴቪ ክሮኬት ታሪክ በዲዝኒ ኩባንያ የቴሌቪዥን ዝግጅት መታየት ጀምሮ ስለነበር፣ ራኩን ከሚባለው የዱር እንስሳ ቆዳ የተሠራው ባለ ጭራ ቆብና ረጅሙ ጠመንጃ የአገሩ ልጆች ምኞት ሆነው ነበር። የድንበሩ ዘመን ጠመንጃና የባሕር ወንበዴዎች ሽጉጥ በዚህ ስሜት ላይ ተመሥርተው በፓርኮቹ ሱቆች ለረጅም ጊዜ ተሸጡ። ኖቬምበር 13 ቀን 2015 በፓሪስ፣ ዲሴምበር 2 ቀን ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ሳን በርናርዲኖ ከተማ ብዙ ሰው ያለቀባቸው ጥቃቶች ተፈጸሙ። ዲሴምበር 17 ቀን ዲዝኒ በፓርኮቹ መግቢያ የብረት መፈተሻ መሣሪያ አቆመ፤ የመጫወቻ ጠመንጃ መሸጡን አቋረጠ፤ ጎብኚዎችም ከቤታቸው ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ። በኦርላንዶ የሚገኙት ዩኒቨርሳልና ሲወርልድ የተባሉት መዝናኛ ፓርኮችም በዚያው ቀን የብረት መፈተሻ ሥራ ላይ አዋሉ።

ክልከላው እንጨትን ከፕላስቲክ አልለየም፤ ሊለይም አይችልም ነበር። በብዙ ሺህ ሰው መካከል የቆመ የጥበቃ ሠራተኛ ከሩቅ የሚያየው ቅርጽን ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ የሚያውቀው ቀርቦ ሲነካው ነው። በፍሎሪዳው የዲዝኒ ፓርክ በማጂክ ኪንግደም፣ ጠመንጃዎቹ በቦታቸው የታሰሩበት የዒላማ መተኮሻ እስከ ጁን 2024 ድረስ መቆየቱም ይህንኑ ያስረዳል፤ ፓርኩ የተኩስ ጨዋታን ለዓመታት ፈቅዶ፣ በእጅ ተይዞ በሰው መካከል የሚዞረውን የጠመንጃ ቅርጽ ግን ከልክሎ ኖሯል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1988 ያወጣው ሕግ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስሉ መጫወቻዎች መለያ ምልክት ሳይኖራቸው እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ይከለክላል። ከተለመዱት ምልክቶች አንዱ በአፈሙዙ ውስጥ የሚገባ ደማቅ ብርቱካንማ መድፈኛ ሲሆን፣ መጫወቻውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው ነጭ፣ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ማድረግም ተቀባይነት አለው። ሕጉ የሚመለከተው ከ1898 ወዲህ የተሠሩ መሣሪያዎችን የሚመስሉትን ስለሆነ፣ የዴቪ ክሮኬት ዘመን ረጅም ጠመንጃ አምሳያ በቀጥታ ትርጉሙ ከዚያ ውጭ ይቀራል። ይህ ግን ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ መንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ ጠመንጃው የየትኛው ዘመን አምሳያ እንደሆነ አይመረምርም። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ በፖሊስ ተተኩሶበት በማግስቱ ሲሞት፣ የፖሊሱ መኪና ደርሶ ተኩሱ እስኪከፈት ያለፈው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ነበር። የዚያ መጫወቻ ብርቱካንማ ምልክት ከቦታው አልነበረም። ስለዚህ ከጫፉ ሊወልቅ ወይም ሊፋቅ በሚችል ትንሽ ምልክት ላይ አለመተማመን የዚህ መመሪያ የመጀመሪያ ደንብ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንለፍ። የሚያስፈልገው 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጣውላ ብቻ ነው። ከእንጨት ዓይነቶች ፖፕላር ለመቁረጥ ቀላል፣ ቀለም ለመያዝም ምቹ ነው፤ ቢችና ሜፕል ከበድ ያሉና ጠንካራ ናቸው፤ ፓይን ርካሽ ቢሆንም ጉጥ ስለሚበዛበትና ጠርዙ ቶሎ ስለሚጎዳ ጥሩውን ክፍል መርጦ መውሰድ ያስፈልጋል። ኮምፔንሳቶ በጠርዙ በኩል ስንጥር ያወጣል። ከአሮጌ ቤት የተነቀለ ባለ ቀለም ጣውላ እርሳስ የተቀላቀለበት ቀለም ሊኖረው ስለሚችል፣ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረው ደግሞ የልጅ እጅና አፍ የሚነካው ዕቃ መሆን ስለማይገባው፣ ሁለቱንም ይተዉአቸው።

ንድፉን በመጀመሪያ በካርቶን ላይ ይሣሉና ቆርጠው ልጁ እንዲይዘው ያድርጉ። ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆነ ልጅ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጠቅላላ ርዝመት ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመው በልጅ እጅ ከጠመንጃነት ይልቅ ለዱላነት ይቀርባል። በእንጨት ጠመንጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ቦታ ሰደፉ ከፊተኛው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ቀጭን አንገት ነው። ሰደፉ በጣም ወደ ታች ከታጠፈ በጣውላው ላይ የሚታዩት የተፈጥሮ መስመሮች አንገቱን አቋርጠው ስለሚያልፉ በመጀመሪያው ውድቀት ይሰነጠቃል። ይህንን ለመከላከል ካርቶኑን በጣውላው ላይ እያዞሩ መስመሮቹ በአንገቱ በኩል ሳይቋረጡ ወደ ሰደፉ የሚያልፉበትን አቅጣጫ ይፈልጉ፤ የአንገቱን ስፋት ከ4 ሴንቲ ሜትር አያሳንሱ፤ ሰደፉንም በመጠኑ ብቻ ያጥፉት። የአሮጌዎቹ ረጃጅም ጠመንጃዎች ሰደፍ ጉልህ መታጠፍ ስለነበረው፣ እዚህ ላይ ለታሪክ ታማኝ መሆንና ለልጅ የሚቆይ ዕቃ መሥራት አይስማሙም፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አፈሙዙ ላይ ጊዜ ወስደው ያስቡ። ሲሮጥ የወደቀ ልጅ ሊወድቅበት የሚችለው በዚህ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት ይኑረው፤ ጫፉም ጠፍጣፋና ማዕዘኖቹ በደንብ የተድቦለቦሉ ይሁኑ። በተቻለ መጠን እንደ ባሕር ወንበዴዎቹ ጠመንጃ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድና 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አፈሙዝ ቢሠሩለት ይሻላል። እንዲህ ያለው ቅርጽ ለዓይን የሚያሰጋው ያነሰ ነው፤ በተጨማሪም ዛሬ ማንም የማይታጠቀው ዓይነት መሣሪያ ስለሚመስል ለማሳሳት አይመችም። አፈሙዙን መብሳት አያስፈልግም፤ ድፍን ሆኖ ይቅር። ቃታውም የማይንቀሳቀስ፣ ከጣውላው ጋር አብሮ የተቆረጠ ይሁን። በቃታው ዙሪያ ቀዳዳ የሚሠሩ ከሆነ የአዋቂ ሰው ጣት እንኳ ያለ ችግር የሚወጣበት እንዲሆን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያስፉት፤ ጣት በግድ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ የመጥፎ ሥራ ምልክት ነው። በምስማር ወይም በኮላ የሚለጠፍ ጌጥ አይጨምሩ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቤቱ ካለ ይህ ይበልጥ ይጠበቃል፤ የአሜሪካ ደንብ ለእንደዚህ ያሉ ሕፃናት በሚሠራ መጫወቻ ላይ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭን ለመታነቅ እንደሚያጋልጥ ይቆጥረዋል። የአንገት ማንጠልጠያ ገመድም ይቅር።

ጣውላውን በሞርሳ አጥብቀው ይያዙና ጠባብ ምላጭ ባለው መጋዝ ከተሣለው መስመር ጥቂት ወጣ ብለው ይቁረጡ፤ የቀረውን በሞረድ ወደ መስመሩ ያምጡት። የቃታውን ቀዳዳ በመጀመሪያ በመሰርሰሪያ በስተው መጋዙን በዚያ ማስገባት ይቀላል። ከዚያም ጠርዞቹን ሁሉ በሞረድ ይድቦልብሉና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምረው ወደ 120ና ወደ 180 ይሂዱ። በዚህ ጊዜ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ሲደርቅ ተኝተው የነበሩት የእንጨቱ ጥቃቅን ክሮች ስለሚነሡ፣ በ220 ቁጥር አንድ ጊዜ ይድገሙት። አልቋል ብለው ሲያስቡ አሮጌ የናይለን ካልሲ በእጅዎ አጥልቀው ጠመንጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሱት፤ ካልሲው የተያዘበት ቦታ ሁሉ ስንጥር አለበት።

ቀለሙ ከሁሉም ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሙሉውን በቡናማ ቀለም አሳምሮ ጫፉን ብቻ ብርቱካንማ ለማድረግ ይፈተናል። በካሊፎርኒያ፣ ማለትም ዲዝኒላንድ ባለበት ግዛት፣ የመሣሪያ አምሳያን በሕዝብ ቦታ በግልጽ ይዞ መታየት የተከለከለ ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘሩት ደማቅ ቀለሞች በሙሉ ወይም በአብዛኛው የያዙት ዕቃ ግን እንደዚያ ዓይነት አምሳያ አይቆጠርም። ጫፉን ብቻ መቀባት ይህንን መለኪያ አያሟላም። ስለዚህ ከአፈሙዙ እስከ አንገቱ ድረስ ያለውን በሙሉ፣ የቃታውን ዙሪያና የሰደፉንም ጠርዝ በደማቅ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ይቀቡት፤ የእንጨቱ ተፈጥሯዊ መልክ በሰደፉ ሁለት ጎኖች ላይ ብቻ ይታይ። የቀድሞውን መልክ የሚናፍቅ ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል፤ ልጁ ግን ቅር የሚለው አይመስለኝም። ጥቁር፣ ብርማና ማንኛውንም ብረት የሚመስል ቀለም ጨርሶ አይጠቀሙ።

በውኃ የሚሟሟና ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተዘጋጀ አክሪሊክ ቀለም ይምረጡ። በአሜሪካ ለሽያጭ የሚቀርብ የቤት ቀለም የሚይዘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከ1978 በፊት የተመረቱት ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በቤቱ ምድር ቤት የተገኘ አሮጌ ጣሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብርቱካንማና ቢጫ ቀለሞች ከሥራቸው ያለውን መሸፈን ስለሚያቅታቸው በመጀመሪያ ነጭ መደብ ይቀቡ፤ ሳይቀባ የሚቀረውን የሰደፍ ጎን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ይደራርቡ። ዘይት በነካው እንጨት ላይ ቀለም ስለማይይዝ ዘይቱ የሚመጣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

ለሰደፉ ጎኖች ጥሬ የተልባ ዘይትና ንጹሕ የንብ ሰም ይበቃሉ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ከሥራው በኋላ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። ጠመንጃውን ለልጁ የሚሰጡት የቀለሙም የዘይቱም ሽታ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው።

አንዳንዶች ላስቲክ የሚወነጭፍ ዘዴ መጨመር ይወዳሉ። እኔ አልመክረውም፤ ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነገር ሆኖ፣ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ የተኩሱን ድምፅ የሚያወጣው የልጁ አፍ መሆኑ ከጨዋታው ደስታ ዋናው ነው። በሥራ ፈንታ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የፓርክ ጠመንጃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀለሙ ከ1978 በፊት የተቀባ ሊሆን እንደሚችል ያስብ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

ፓርክ ሲሄዱ ጠመንጃውን ቤት ይተዉት። የብረት መፈተሻው እንጨትን ባይለይም ሻንጣ በእጅ ሊፈተሽ ይችላል፤ የዲዝኒ ደንብም የጦር መሣሪያ የሚመስል መጫወቻን ሁሉ ስለሚከለክል ከእንጨት መሠራቱ ወይም ብርቱካንማ መሆኑ መከራከሪያ አይሆንም። በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመሣሪያ አምሳያ መጫወቻን የሚፈቅደው ተመዝግቦ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው። በመኪና ሲወስዱትም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ተሸፍኖ ይሁን። በቤትና በግቢ ሲጫወቱበት ደግሞ የአፈሙዙ ቀለም በመሬትና በግድግዳ ስለሚፋቅ፣ በየጊዜው ተመልክተው ነጩ መደብ ብቅ ሲል እንደገና ይቀቡት፤ እስኪቀባና እስኪደርቅ ድረስ ጠመንጃው ከቤት አይውጣ።