እቶኑ 1,100 ላይ ሲቆም፦ የእንጨት እቶን ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሸክላ ጭቃ ማቡካቱን፣ ማድረቁን፣ እቶን መደርደሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የሙቀት መለኪያው ባትሪ እንዳለው፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ እንዳልሠራችበትም አይታችኋል። የእኔ እቶን ሱሉልታ ነው ያለው። ትንሽ ነው። ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ መድረስ የምፈልገው ሙቀት 1,240 ዲግሪ። ከታች ያሉትን ጥፋቶች ሁሉ በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደጋግሜ።

ዕቃው ገና በጠዋቱ ፈነዳ

እሳት በተለኮሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከውስጥ "ጷ!" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው "አየር ገብቶበት ነው" ይላል። አየር ብቻውን ዕቃ አያፈነዳም። የሚያፈነዳው ጭቃው ውስጥ የቀረው ውኃ ነው፤ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ያጣል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የውጭ አገር መጽሐፍ "እስከ 100 ቀስ በል" ቢልም፣ እኔ 80 ላይ ይዤው ነው የማድረው።

ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ማያ ቀዳዳው ላይ ቀዝቃዛ መስታወት ያዙ። ላብ ካወጣ ገና ነው። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ዕቃውን ሜዳ ላይ ከመተኮሳቸው በፊት በፍም ያሞቁታል። እኛ ጡብ ስለደረደርን ብቻ ይህን መዝለል የምንችል ይመስለናል።

ሙቀቱ አልወጣም አለ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛው ስለዚሁ ነው።

ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እስከ 1,000 ድረስ ደህና ይሄዳል። ከዚያ 1,080፣ 1,090 ላይ ቁጥሩ ይገተራል። ማገዶ ትጨምራላችሁ፣ አይነቃነቅም። ሌላ ትጨምራላችሁ፣ ጭራሽ ይወርዳል። ከጭስ ማውጫው እንደ አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል።

በመጀመሪያው ዓመቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 1,096 ደርሰን ቀረን። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ሦስት ሆነን እየተቀባበልን ፍልጥ እንከትበታለን። ጎረቤቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። "አንተ ልጅ፣ ጎማ ነው እንዴ የምታቃጥለው?" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ስመለስ ተረኛው ረዳቴ እንጨት ክምሩ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ከ25 ደቂቃ በላይ አንዲት ፍልጥ አልገባችም። ልጮህበት አፌን ስከፍት መለኪያውን አየሁት። 1,131 ይላል።

ልጁን አልቀሰቀስኩትም።

የሆነው ይህ ነው። እንጨት ሲገባ መጀመሪያ ጋዝ ነው የሚሆነው። ያ ጋዝ የሚነደው በቂ አየር ሲያገኝ ነው። አየር ካጣ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭስ ማለት ያልነደደ እንጨት ነው፤ የከፈላችሁበት ብር ነው በጭስ ማውጫው የሚሄደው። በዚያ ላይ ፍሙ ፍርግርጉ ላይ እየተቆለለ ከታች የሚገባውን አየር ይዘጋል። እኛ ደግሞ "ሙቀት አነሰ" ብለን ሌላ እንጨት እንጭንበታለን። የታፈነን ሰው ትራስ እንደ መደረብ ነው።

ስለዚህ ሲቆም መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ማገዶ አትጨምሩ። ከፍርግርጉ በታች ያለውን የአመድ ጉድጓድ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ብርቱካናማ ብርሃን ከወረደበት አየር አለ። ከጨለመ ታፍኗል። ረጅም የብረት መቆስቆሻ አስገብታችሁ ፍሙን በትኑት፣ የታችኛውን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን መዝጊያ ትንሽ ሳብ አድርጉት። ከዚያ ሻይ ጠጡ። አልቀለድኩም። ሃያ ደቂቃ ጠብቁ።

መቆስቆሻው ረጅም ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል። ናይለን ልብስ ለብሳችሁ አትቅረቡ፤ ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ማያ ቀዳዳውን ያለ ብየዳ መነጽር አትዩ። ፊታችሁን ጎን አድርጉ እንጂ ቀጥታ አትደቅኑ፤ እሳቱ ምላሱን ያወጣል። ቅንድቤን አንድ ጊዜ ከፍዬበታለሁ። ፍሙ በዛ ብላችሁ ውኃ እንዳትደፉበት! ጡቡ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ እቶኑን እንደገና ነው የሠራው።

ከቆመበት ከተነሳ በኋላ ጭሱን እያያችሁ መግቡት። ፍልጥ ሲገባ ጭስ ይጠቁራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይሳሳል፣ ከዚያ ይጠራል። ቁጥሩ መውጣት የሚጀምረው ጭሱ ሲጠራ ነው። መውጣቱን ሊያቆም ሲል ያኔ ጨምሩ። በሁለት ማገዶ መሀል ጭሱ አንዴም ካልጠራ እያበዛችሁ ነው። ከ1,000 በፊት ክንድ የሚያህል ፍልጥ ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ አውራ ጣት የሚወፍር ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ቀጭኑ ፍም ሳያከማች ይነዳል።

ሁለተኛው ምክንያት እርጥብ እንጨት ነው። በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል ይባላል። እቶን ውስጥ ግን በእርጥቡ ጦስ ደረቁም አይነድም። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ያን ውኃ የምታተኑት በከፈላችሁበት እሳት ነው። አንድ ነጋዴ "ዓመት የከረመ" ብሎ ሙሉ ጭነት ሸጠልኝ። ከላይ ግራጫ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ደረቅ የሚመስል። ፈልጬ ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ቀዘቀዘኝ። ለካ ሲከርም ላዩ ብቻ ነው የደረቀው! አሁን ሁለት ፍልጥ አጋጫለሁ። ደረቁ "ቋ" ይላል፣ እርጥቡ "ድም" ብሎ ይቀራል። ሳልፈልጥ አልከፍልም። ነጋዴው ከተቆጣ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ግንዱን ሳትፈልጡ አታከማቹ፤ በልጡ ውስጥ ሆኖ ዓመት ቢቀመጥም አይደርቅም። ከጭስ ማውጫው ጋር አስጠግታችሁም አትከምሩት። "እዚያ ቶሎ ይደርቃል" የሚሉ አሉ። ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ መጠለያው ይነዳል።

ሦስተኛው ከፍታችን ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፓ ውስጥ ባሕር አጠገብ የተሠራን እቶን ልኩን ሳይቀይሩ እዚህ ቢገለብጡት ሊተነፍስ አይችልም። ጭስ ማውጫው ሰፋም ረዘምም ማለት አለበት። የእኔን አንድ ሜትር ጨምሬበታለሁ። ሰፋ አድርጌ ብጀምረው ኖሮ ይሻል ነበር።

አራተኛውን የነገረችኝ ቢሾፍቱ ያለች የሙያ ባልደረባዬ ናት። ደወለች። "ወንድሜ፣ 1,070 ላይ ሞተብኝ። ፍሙን በትኛለሁ፣ እንጨቴ ደረቅ ነው፣ ምን ልጨምር?" "ምንም እንዳትጨምሪ እህቴ። አደራደርሽን ንገሪኝ።" ትእዛዝ በዝቶባት አንድ መደርደሪያ በግድ አስገብታለች። የት? ከኋላ፣ እሳቱ ወደ ጭስ ማውጫ የሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ለፊት። እሳቱ ከተጀመረ በኋላ ለዚህ መድኃኒት የለውም። አጥፍታ ከሁለት ቀን በኋላ ደገመችው። ከመውጫው ፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ባዶ ተዉ። ስምንት ጀበና ለመጨመር ብሎ ሰማንያውን ማበላሸት ምን የሚሉት ስሌት ነው?

ክረምት ላይ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። የእኔ እቶን መሬቱ ላይ ቀጥታ ነበር የተሠራው። ነሐሴ ላይ ወለሉ ከሥር ውኃ እየሳበ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት አተነፈሰኝ። አሁን ሥሩ ጠጠር አለው፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሬያለሁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ዕቃው አብጦ ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ከሆነ፣ ከ700 እስከ 900 ባለው መሀል በጭስ አፍናችሁታል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ካርቦን ሳይነድ ተዘግቶበታል።

ዕቃው መደርደሪያው ላይ ከተጣበቀ ከሥሩ የካኦሊንና አሉሚና (እሳት የማያቀልጣቸው ነጭ ዱቄቶች) እንክብል አላደረጋችሁም።

መለኪያው በአንዴ 300 ዲግሪ ከዘለለ ወይም ከወደቀ እቶኑ አይደለም፣ ሽቦው ነው። በርካሽ የሚሸጡት ቀጫጭን መመርመሪያዎች ከ1,200 በላይ ብዙ አይቆዩም። ኮን ሁልጊዜ አስቀምጡ፤ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ የሚጎብጥ ትንሽ የሸክላ ሾጣጣ ነው። ኮን ባትሪ አያልቅበትም።

ጡቡ እንደ ሰም ከወረደ "የእሳት ጡብ" ተብሎ ተራ ቀይ ጡብ ተሽጦላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ወስዳችሁ አንድ ዙር እሳት አፉ ውስጥ አስቀምጡት። ሻጩ አንድ ጡብ ለሙከራ አልሰጥም ካለ ሂዱ።

ሲወጣ የተሰነጠቀ

ስንጥቁን በጣታችሁ ዳብሱ። ጠርዙ ላይ ያለው ግሌዝ (እሳት ላይ ቀልጦ ዕቃውን እንደ መስታወት የሚሸፍነው ቅብ) ከለሰለሰና ከተጠቀለለ ስንጥቁ የመጣው ግሌዙ ከመቅለጡ በፊት ነው፤ ጭቃውን ወይም አደራረቁን ጠይቁ። ለሚቀጥለው ጭቃ የተፈጨ ገል ጨምሩበት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ከሳለ ግን ሲቀዘቅዝ ነው የተሰነጠቀው። ጭቃ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ በድንገት መጠኑን ይቀይራል። በዚያ ሰዓት ንፋስ ካገኘው አለቀ። እሳቱን ስትጨርሱ የአየር ቀዳዳውን፣ የማገዶ አፉን፣ ጭስ ማውጫውን ሁሉ ዝጉና የእቶኑን ስንጥቅ በጭቃ ለስኑት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ደንበኛ "ዛሬ ነበር ያልከኝ" ይላል። ይበል። እኔ ከ100 በታች ሳይወርድ የበሩን አንድ ጡብ አልነካም። ሁለት ቀን ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን ማታ እጄ ማሳከክ ሲጀምር ረዳቴ ጓንቱን ይደብቅብኛል።