ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ትልቁን ካፓሲተር አራግፉ

የቲቪ ፓወር ሰፕላይ ስትፈቱ ከሶኬት መንቀል ብቻውን አይበቃም። 220 ቮልት ኤሲ በዳዮዶቹ አልፎ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆንና 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። በጣም የሚያሰጋው ደግሞ የማይሠራው ሰፕላይ ነው፤ ፊውዙ ደህና ሆኖ አይሲው (ሰፕላዩን የሚያሠራው ቺፕ) ከሞተ ቻርጁን የሚጨርሰው ነገር ስለሌለ ከተነቀለ በኋላም ብዙ ሊቆይ ይችላል።

መልቲሜትራችሁን አስቀድማችሁ በባትሪ ሞክሩት፤ የተበጠሰ ፕሮብም (የሜትሩ መለኪያ ሽቦ) ዜሮ ያሳያልና። ከዚያ ዲሲ 600 ወይም 1000 ላይ አድርጋችሁ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካለ 2.2 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ጫፎቹ ላይ ሽፋን ያለው ሽቦ አስራችሁ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለ5 ሰከንድ ያህል አስነኩት። ለ100 ማይክሮፋራድ አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃል፣ ቀሪው ለጥንቃቄ ነው። ሩብ ዋት ሬዚስተር አትጠቀሙ፤ ይህን ቮልቴጅ አይችልም፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሁለቱን እግሮች በካቻቪቴ ማገናኘትም ይቅር፤ ብልጭታው የቦርዱን መስመር ይበላል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ የተራገፈ ካፓሲተር ትንሽ ቮልት መልሶ ያወጣል። ቻርጅ እያለው ሜትሩን ኦም ወይም ድምፅ (ሽቦ መቀጠሉን በጩኸት የሚያሳየው) ላይ አድርጋችሁ ከነካችሁት ሜትሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል።