ከፊት የሚመጣን መኪና ሲገምቱ፦ በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

«ገና ሩቅ ነው» ብሎ ወደ ግራ መታጠፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ አርባ ዓመት ያለ አደጋ የነዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ርቀት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም! 100 ሜትር ላይ ያለ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከመጣ 9 ሰከንድ አለዎት፤ በ80 ከመጣ ግን አራት ሰከንድ ተኩል ብቻ። ፍጥነቱን የምናውቀው መኪናው ዓይናችን ላይ እየገዘፈ ሲመጣ ነው። ከሩቅ ሳለ የሚገዝፈው በጥቂቱ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ያቺን ለውጥ ዓይንም አእምሮም ዘግይተው ይይዟታል። ስለዚህ ሰው ሳይታወቀው በርቀት ብቻ ይወስናል። ሐኪም ዘንድ ፊደል አጥርቶ ማንበብ ይህን አያሳይም፤ እባክዎ «ዓይኔ ደህና ነው» ብለው አይለፉት።

መላው መቁጠር ነው። መኪናዎን ዳር አቁመው ከመታጠፊያው ወዲያ ያለ አንድ ምሰሶ ይምረጡ። መኪና ምሰሶውን ሲያልፍ ጀምረው መታጠፊያው እስኪደርስ «ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት» እያሉ ይቁጠሩ። ከዚያ የእርስዎን መታጠፍ ሌላ ሰው ይቁጠርልዎ፤ ከቆሙበት ተነስተው የመኪናዎ ኋላ ከመስመሩ እስኪወጣ ድረስ። 5 ሰከንድ ከፈጀ፣ ከ8 ባነሰ ክፍተት አይግቡ። ክፍተት ካጡ እስከ ቀጣዩ አደባባይ ቀጥ ብለው ሄደው ይመለሱ።

ሞተር ሳይክልን እንደ መኪና መገመት። ትንሽ ነገር የራቀና የዘገየ ይመስላል። ሲኖትራክ ሲመጣ የሚቆም ሰው ለሞተር ሳይቆም ይገባል።

መሪ አዙሮ መጠበቅ። ጎማዎ ወደ ግራ ዞሮ ሳለ ከኋላ ከተገጩ የሚገፉት ወደሚመጣው መኪና ነው። ጎማው ቀጥ ይበል።

በክላክስ ወይም በሰው ቃል መነሳት። አጠገብዎ ያለው ልጅዎ «አባዬ፣ ይግቡ» ቢልም፣ ራስዎ ካልቆጠሩ አይግቡ።

በጠባብ መንገድ ደርቦ መቅደም። እርስዎም ከፊት የሚመጣውም በ80 ከነዳችሁ በየሰከንዱ 44 ሜትር ያልቃል። ከባድ መኪና ለመቅደም 10 ሰከንድ ከፈጀብዎ፣ 440 ሜትር ባዶ መንገድ እንኳ ፊት ለፊት ያገናኛችኋል።

ማታ ቢጫ መነጽር ማድረግ። የ60 ዓመት ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመቱን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ መነጽሩ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ይልቅ የፊት መስታወቱን በውስጥ በኩል ይወልውሉ፤ ረጅም መብራት ሲመጣብዎ የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ ይመልከቱ። መብራቱ ዙሪያውን ከተበተነብዎ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላልና ይመርመሩ፤ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።